የተመረመረችው ምራት

«ትሪውን እዚያ አስቀምጪውና ሌላ ሰው ያዙረው» አለች የባሏ እህት።

ምራቲቱ የሳሎኑ በር ላይ ቀጥ አለች። ትሪው ላይ አሥራ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ተደርድሯል። በተከራዩት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ከተቀመጡት ለቀስተኞች ግማሾቹ ወለሉን፣ ግማሾቹ ጥፍራቸውን ማጥናት ያዙ። አማቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

«ምነው?» አለች ምራቲቱ።

«እኔ ምን አልኩ? ደክሞሻል ብዬ እንጂ» አለች እህትየው። «ሦስት ቀን ሙሉ ጉድ ጉድ ስትዪ። እናቴ እንደሆነች ከአንቺ የጠበቀችው ሻይ አልነበረም። የጠበቀችውን ሳታይ ሄደች፤ በቃ።»

እህትየው ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። ሰፈሩ ግን በሌለችበት «ማይኩ» የሚላት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሹክ ያለችው ሦስተኛው ቤት ይደርሳል። ጥግ ላይ ከወንዶቹ መሃል የተቀመጠው ወንድሟም፣ የምራቲቱ ባል፣ ሰምቷል። የብየዳ ፍንጣሪ ያጠቋቆራቸውን እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ጨምቆ፣ ምንም እንዳልተባለ ሰው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእናቱን ፎቶግራፍ ያያል።

ምራቲቱ ትሪውን አላስቀመጠችም። መጀመሪያ ወደ ማይኩ ሄደችና ጎንበስ ብላ አቀረበችላት።

«ስኳሩ ከሥር ነው፤ አማስዪው» አለቻት።

ማይኩ ተቀበለች። አላማሰለችውም።

በዚያ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚጠበቅ ነገር ነበር። አልመጣም። ለምን አልመጣም ተብሎ የሚጠየቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰው ሲጠይቃት የምትመልሰው አጥታ አታውቅም፤ «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ትላለች፤ ማለት ብቻም ሳይሆን ታምንበታለች። ከሰዓት በኋላ ግን ሰው ሳሳ ሲል፣ ማይኩ ከአጎቷ ጎን ተጠግታ ስታወራ የምራቲቱ ጆሮ እዚያው ተተከለ።

«እማ ቃል ትታለች፣ ጋሼ። ሆስፒታል እጄን ይዛ፣ ‹ወንድምሽን ያለ ዘር እንዳታስቀሪው› ብላኛለች። በማን ላይ ነው የምጥለው? እናቴ አደራ የሰጠችኝ እኔን ነው።»

አጎትየው ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። የቤት ጣጣውን ሁሉ በስብሰባ መፍታት ይወዳል።

«እንግዲያው በስድስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቤተሰብ ብቻ እንቀመጣለን» አለ። «ያለን አጀንዳ አንድ ነው።»

አጀንዳው ወጥ ቤት ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

ሟቿን ሰፈሩ «ሜትሯ» ይላት ነበር። ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ገበያ ስትሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቅ እንኳን እንደ ሻርፕ አንጠልጥላው ነው። ከሳሎኑ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ ነበራት። የሚሠራው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። እሷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፤ ምራቷ ትሰፋለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል በዚያች ክፍል ውስጥ የሚርመሰመሰው የልጅ ብዛት ለጉድ ነው። ሜትሯ እያንዳንዱን ልጅ አቁማ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ከለካች በኋላ ለምራቷ፣ «ከሥሩ አራት ጣት እጠፊለት፤ ልጅ ያድጋል» ትላታለች። ምራቲቱም ታጥፋለች። ስንት መቶ የሰው ልጅ አሳድጋ እንደሆነ እሷና መርፌዋ ናቸው የሚያውቁት።

ሜትሯ የለካችውን በወረቀት አትጽፍም፤ በቃሏ ነው የምትይዘው። አብዛኛውን ጊዜ አትስትም። የሳተች ቀን ግን «አበላሸሁ» የምትል ሴት አልነበረችም። «ይሄ ጨርቅ ተንኮለኛ ነው» ትላለች። ያጠረውን እጅጌ በሌላ ቀለም ቀጥላ «ፋሽኑ ነው» ትላለች። ቀና ብላ በባለቤቱ ዓይን ውስጥ እያየች፣ ሳታፍር።

ደግሞ ሌላም ጠባይ ነበራት። ያበላሸችው ልብስ ላይ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ደግ ትሆናለች። ኪሱን ድርብ ታደርግለታለች፤ ቁልፉን ለምራቷ አትሰጥም፣ ራሷ ነች የምትተክለው፤ በካውያ ራሷ ተኩሳ፣ አጣጥፋ፣ እንደ አራስ አቅፋ ነው የምታስረክበው። ምራቲቱ ይህን ነገር የደረሰችበት ባገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። ሜትሯ አንዱን ልብስ ከልክ በላይ ስታባብለው ካየች፣ «ይሄኛው አልቆለታል» ብላ በሆዷ ትስቅ ነበር።

ሐኪም ቤት የወሰደቻትም ራሷ ሜትሯ ናት። በሦስተኛው ዓመት ጀመሩ። ደም ለሆርሞን ተቀዳ፤ በወሩ በተለያየ ቀን ተመላልሰው አልትራሳውንድ ታየች። ከዚያ በማህፀን ቱቦዋ ውስጥ ቀለም ተለቅቆ የሚነሳው ራጅ መጣ። የራጅ ባለሙያው፣ «እማማ፣ ይውጡ፣ ጨረር አለው» ቢላት፣ «እኔ ከእንግዲህ አልወልድ፤ ጨረሩ ምን ያገኝብኛል?» ብላ አልነቃነቅ አለች። መከላከያ ሽርጡን ሲያለብሷት ክብደቱ አጎበጣት። ቀለሙ ሲለቀቅ ምራቲቱ ጥርሷን ነክሳ ቃተተች፤ ሜትሯ እጇን ይዛ እንባዋ በአገጯ ይወርድ ነበር። «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ፣ ባንቺ ላይ ሆነ» ትላለች። ምራቲቱ ያን ቀን ወልዳ ያሳደገቻት እናቷ እንኳን እንዲህ እንደማታለቅስላት ማሰቧን ታስታውሳለች። ቤት ሲደርሱም ሾርባ ሠርታ፣ በማንኪያ እየነፋች አጎረሰቻት።

በሳምንቱ ዶክተሯ ሁለቱንም ፊቷ አስቀምጣ ውጤቱን ነገረቻቸው።

«ቱቦሽ ክፍት ነው፤ እንቁላልሽ በየወሩ ይለቀቃል፤ ማህፀንሽም ደህና ነው» አለቻት። «ልጅ እምቢ ካላቸው ባልና ሚስቶች ውስጥ ሲሶ ያህሉ ላይ ምክንያቱ ከሴቷ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ላይ ከወንዱ። የቀረው ከሁለቱም ነው፣ ወይም አይታወቅም። እኛ እስካሁን የመረመርነው ግማሹን ነው። ባልሽን አምጪው። የሱ ምርመራ ካንቺው ሁሉ ይቀላል፤ የዘር ፈሳሹን በዕቃ መስጠት ብቻ ነው።»

«ቢገኝበትስ?» አለች ምራቲቱ።

«እንደ ምክንያቱ ነው። የዘር ፍሬው ላይ ያለው ደም ሥር አብጦ ከሆነ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ዘር ቁጥሩ አንሶ ከሆነ አጥበን ማህፀን ውስጥ እናስገባለን። ጭራሽ ባይታይም በመርፌ ከውስጥ ፈልጎ አውጥቶ ላቦራቶሪ ውስጥ ከእንቁላልሽ ጋር ማገናኘት አለ። ሁልጊዜ ይሳካል ብዬ አልዋሽሽም። በማደጎ ወስዶ ማሳደግም አለ። ብቻ ሳይመረመሩ መቀመጥ ምንም አያመጣም።»

ያኔ ሜትሯ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች።

«ልጄ ምንም የለበትም» አለች። «በአባቱም በእኔም ወገን መካን የሚባል የለም። አንቺ ሴትዮ ሥራ ፈልገሽ ነው። ተነሽ እንሂድ።»

ሌላ ሐኪም ቤት ሄዱ። እዚያም እንደ አዲስ ደም፣ እንደ አዲስ ራጅ። ሦስተኛ ቦታም። በሦስቱም የምትመረመረው አንድ ሰው ነበረች። ማታ ለባሏ ስትነግረው፣ «እስቲ መጀመሪያ ያንቺ ይለቅ» ይላታል። የሷ ሦስት ጊዜ አለቀ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ አንዲት የማትታወቅ ወጣት ሻይ ስታዞር ተገኘች። ፀጉሯ ተጎንጉኖ፣ አዲስ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች።

«የጓደኛዬ እህት ናት» አለች ማይኩ። «ልታግዝ ነው የመጣችው። መቼም እጅ አይበዛ።»

«እግዚአብሔር ይስጣት» አለች ምራቲቱ።

ወጥ ቤት ሲገናኙ ልጅቷ እየፈራች፣ «እትዬ፣ ብርጭቆው የት ነው የሚቀመጠው?» አለቻት። እትዬ መባሏ ቆጠቆጣት። ልጅቷ ግን ለምን እንደተጠራች ራሷም የምታውቅ አትመስልም። ይልቅ ደጋግማ፣ «ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያሉት ሰውዬ ለምን ያፈጡብኛል?» ትላለች። ጥግ ያለው አጎትየው ነበር። ወንበሩን አስተካክሎ፣ መነጽሩን አጽድቶ፣ ፈተና እንደሚያርም ሰው ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ያያታል።

ማይኩ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጅቷን እየጠራች ታስተዋውቃለች። «ስድስት እህትና ወንድም አሏት፤ ሁሉም በየቤታቸው ወልደዋል» ትላለች፤ እንደ ዋስትና ወረቀት። ለቀስተኛው፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ለማለት የመጣ ነውና የሚለው ይጠፋዋል። አንዲት ጎረቤት ብቻ ብርጭቆዋን እያስቀመጠች፣ «ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ሽምግልና ቤት?» ብላ ለጎኗ ሴት አንሾካሾከች። ባልየው እዚያው ነበር። ልጅቷን ቀና ብሎ አላየም። ሚስቱንም አላየም። ምራቲቱን ያበሳጫት ሁለተኛው ነው።

በአምስተኛው ቀን ድሬሰሩ መጣ። ድሮ፣ ሜትሯ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጅ ይዛ እዚህ ቤት ስትገባ፣ በሰፈሩ መርፌ የሚወጋው፣ ቁስል የሚያጥበው እሱ ብቻ ነበር። አሁን በከዘራ የሚሄድ፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ነው። ሳሎኑ ስላፈነው በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ምራቲቱ ሻዩን አመጣችለት።

«አንቺ ምራቷ ነሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እስቲ የልጅ ልጆቿን ጥሪልኝ፤ ልሳማቸው።»

«የሉም፣ አባባ።»

«ትምህርት ቤት ናቸው?»

«አልወለድንም» አለች፤ ስለማይሰማ ጮክ ብላ ነበር፤ ሳሎኑ ዝም ሲል ተሰማት።

ሽማግሌው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። «ስንት ዓመታችሁ?»

«አሥራ አንድ።»

«እሱ ተመርምሯል?»

ምራቲቱ አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን ጥያቄ ከሐኪም ክፍል ውጪ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«አልተመረመረም።»

«አልነገረችውም ማለት ነው?» አለ ሽማግሌው፤ ጥያቄው ለእሷ አልነበረም። ወደ እሷ ዘንበል አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር እኮ። ድምፁ ሊጎረንን ሲል። ሕፃን ሲይዝ ጉንጭ አሳብጦ ይሄዳል። ጎረምሳ ሲይዝ ግን አንዳንዴ ወደ ታች ይወርድና የዘር ፍሬውን ያሳብጠዋል። እሱን ሁለቱንም ነበር። ሲያቃጥለው እኔ ነኝ ስመላለስ የሰነበትኩት። ሲሻለው ለእናቱ፣ ‹አንቺ ሴት፣ ላይጎዳው ይችላል፣ ሊጎዳውም ይችላል። ከማግባቱ በፊት ይመርመር› አልኳት። እያለቀሰች ሰማችኝ። ‹ለማንም እንዳትናገር› አለችኝ። አልተናገርኩም። የሰው ገመና ነው።»

«ለእኔ ለምን ነገሩኝ ታዲያ?»

«ያንቺም ገመና ስለሆነ ነዋ» አለ ሽማግሌው። ብርጭቆውን አንስቶ የቀረውን ሻይ ጠጣ።

ምራቲቱ ወደ ስፌት ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋች። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ የተሰመረ፣ ያልተቆረጠ ጨርቅ አለ። ራጅ ክፍሉ መጣባት፤ ሽርጡ፣ እንባው፣ «ባንቺ ላይ ሆነ»። በማንኪያ እየተነፋ የመጣው ሾርባ። ሦስቱም ሐኪም ቤቶች። ያ ሁሉ ማባበል ምን እንደነበረ አሁን ገባት። የምታውቀው ነገር ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ደርሳበት የሳቀችበት። ሜትሯ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኪሱን ድርብ ስታደርግለት፣ ቁልፉን ራሷ ስትተክልለት የኖረችው ልብስ እሷ ነበረች። ጨርቁ ተንኮለኛ ነው ተብሎ ለሰፈሩ የተነገረለት።

ጠመኔውን አንስታ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ተሰባበረ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ፣ እስከ ነገ አፌን ጠብቅልኝ» አለች። ለሟቿ ነፍስ ልትጸልይ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እግዚአብሔርም ይህን ያህሉን ይታገሳል ብላ ተወችው።

ባሏን ጠርታ እዚያው ክፍል አስገባችው። ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። ሲሰማት ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«እናቴን» አለ። «አፈሯ ሳይደርቅ።»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

«ድሬሰሩ ዘጠና ሊሞላው ነው። ቁርሱን ይብላ አይብላ አያስታውስም፤ የኔን ጆሮ ደግፍ ያስታውሳል?»

«አንተስ? አንተ ታስታውሳለህ?»

መኪናው ላይ የቀረውን ክር በጣቱ ይጠቀልል ጀመር። «ከብስክሌት ወድቄ ነው ያበጠው። እማ እንደዚያ ነው የነገረችኝ።»

«ጉንጭህም ከብስክሌት ወድቆ ነው ያበጠው?»

በመዳፉ ጠረጴዛውን መታው። መቀሱ ዘለለ። «በቃ አገኘሽ አይደል? አሥራ አንድ ዓመት የፈለግሽውን አገኘሽ። ነገ አጎቴ ፊት ትዘረግፊዋለሽ። እናቴ እዚያ ፎቶዋ ሥር ውሸታም ትባላለች፤ እኔ ደግሞ...» አልጨረሰውም።

«አንተ ደግሞ ምን? በለዋ። ለእኔ አሥራ አንድ ዓመት ሲባል እየሰማህ ሻይ ጠጥተሃል።»

መቀሱን አንስቶ ወደ ቦታው መለሰ።

«ስማኝ» አለች። «ነገ አንድ ቃል አይወጣኝም። ብናገር የማዋርደው የሞተች ሴት ነው፤ እሷም መልስ አትሰጠኝ። ምርመራው ደግሞ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ምንም ላይኖርብህ ይችላል። ውጤቱ አይደለም የሚያጣላን። ሦስት ጊዜ ስተኛ፣ ስወጋ፣ ስቃጠል፣ አንድ ቀን ‹እኔስ?› አላልክም። ነገ የምትናገረው አንተ ነህ። ነገም ዝም ካልክ ልብሴን ሰብስቤ እወጣለሁ። ማይኩ አታስወጣኝም፤ ያስወጣኸኝ አንተ ነህ።»

ክሩን ከጣቱ ላይ ፈትቶ ወጣ። በሩን ሳይዘጋው።

በስድስተኛው ቀን ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጎትየው የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እንግዳ የለም። ሻይ የምታዞረው ልጅ ወጥ ቤት እንድትቆይ ተነግሯታል። ምራቲቱ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ልብሷን የሰበሰበችበት ሻንጣ መኝታ ቤት አልጋው ላይ ነው። ባሏ አይቶታል።

«የተሰበሰብንበት ጉዳይ ይታወቃል» አለ አጎትየው። «ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ምራታችን ጨዋ ናት፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ተፈጥሮ ነው...»

«ጋሼ፣ አታድበስብሰው» አለች ማይኩ። «እናቴ ስታለቅስ ነው የሞተችው። ሦስት ሐኪም ቤት ይዛት ዞራለች፤ ወልዳ እንዳሳደገቻት ነው የያዘቻት። ምን ቀረ? እኔ ጥላቻ የለኝም። ተለያይተው እሷም ዕድሏን ትሞክር፣ እሱም ዘር ይይ።»

«ሦስቱም ሐኪም ቤት ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ ወንድሟ።

ድምፁ ከስድስት ቀን በኋላ ስለተሰማ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ምን ይላል? አልወለደችማ።»

«ደህና ነች ነው ያለው። ሦስቱም።» ጉሮሮውን ጠረገ። እጆቹ ከጉልበቶቹ መሃል ወጥተዋል፤ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶታል። «ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ።»

«የምን ቀጠሮ?» አለ አጎትየው።

«የዘር ምርመራ። እኔ ልመረመር ነው።»

አጎትየው የእጅ ሰዓቱን መልሶ ለማሰር ቢሞክር ማሰሪያው አልገባ አለው።

«ይቺ ናት ያዞረችህ» አለች ማይኩ። «በሰባትዋ፣ እናትህ በሞተች በሰባት ቀኗ? ሰው ምን ይላል? ሐዘንተኛ እንዲህ ዓይነት ነገር ይዞ ሐኪም ቤት ይሄዳል?»

«ያን ጊዜ እማ ትምህርት ቤት አትሂድ ብላ በር ዘግታ ያስተኛችኝን ታስታውሺያለሽ?» አላት። «አንቺ ውሃ ታሞቂ ነበር። ድሬሰሩ ይመጣ ነበር።»

ማይኩ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ አንድ ነገር ፊቷ ላይ አለፈ፤ ትልቅ እህት ነበረችና አይታለች። ውሃውን ማሞቋን፣ ከበሩ ውጪ መቆሟን፣ እናቷ ዓይኗ አብጦ ስትወጣ «ከብስክሌት ወድቆ ነው በይ» ማለቷን።

«ልጅ ነበርኩ» አለች። ያን ቀን ብቻ ድምፅዋ ሦስተኛው ቤት አልደረሰም።

«እኔም ልጅ ነበርኩ» አለ ወንድሟ።

«እናቴን እንዳትነኳት።» ማይኩ ብድግ አለች። ወደ ምራቲቱ ዞረች። «ደስ ይበልሽ። በቃ፣ ደስ ይበልሽ።» ወጥ ቤት ገብታ ልጅቷን፣ «ቦርሳሽን ያዢ፤ እንሂድ» ስትላት ተሰማ። ልጅቷ፣ «ብርጭቆዎቹን አጥቤ አልጨረስኩም» ብትላትም ጎትታ ወሰደቻት።

አጎትየው ሰዓቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሲነሳ፣ «እንግዲህ አጀንዳው... ይቆይ» አለና ኮቱን ፈልጎ ወጣ። ምራቲቱ ደስ አላላትም። አልጋው ላይ ያለውን ሻንጣ ሄዳ አልፈታችውም፤ እንዳለ አልጋው ሥር ገፋችው።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰው አልበዛም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የመንገድ ካርታ እንደሚሳል ሁሉ የሴትና የወንድ አካል በቀስት ተስሏል። ባሏ ጥቁር ሸሚዙን ለብሷል፤ ጺሙን አልተላጨም። የምርመራው ክፍል በር ጋ ሲደርሱ ቆም ብሎ፣ «ዜሮ ቢልስ?» አላት።

«ያኔ እንነጋገራለን።»

«ትሄጃለሽ?»

«ትናንት ዝም ብትል ነበር የምሄደው» አለች። ከዚያ በላይ የምትሰጠው ነገር አልነበራትም፤ እሱም አልጠየቀም።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ቅጹን በብዕር እየሞላች ትጠይቃለች። ሲጋራ? አያጨስም። ሥራ? ብየዳ። «ከእሳት አጠገብ ነው እንግዲህ» ብላ ጻፈች። «አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንደግመዋለን። የዛሬው ያለፉትን ሦስት ወራት ነው የሚያሳየን፤ ጭንቀት፣ ትኩሳት፣ ሁሉም ይነካዋልና አትደንግጥ።» ጆሮ ደግፍ? አዎ፤ በጉርምስና፤ በሁለቱም በኩል። እሷ ቀና ብላ ሳታየው ጻፈች፤ ለዚያ ምራቲቱ በልቧ መረቀቻት።

«አንድ የመጨረሻ ጥያቄ» አለች ነርሷ። «ስትወለድ የዘር ፍሬዎችህ በቦታቸው ነበሩ ወይስ ዘግይተው ነው የወረዱት? ሕፃን ሳለህ ለእሱ የተደረገልህ ቀዶ ሕክምና አለ?»

«እኔ እንጃ» አለ። «ይሄን እናቴ ናት የምታውቀው። ቆይ አንዴ ልደውልላት።»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ጣቱ የለመደውን መንገድ ሄዶ «እማ» የሚለው ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ።

ነርሷ ጥቁር ሸሚዙን አየች፤ ብዕሯን ዝቅ አደረገች። እሱ ስልኩን እንደያዘ ነው፤ ትከሻው ብቻ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። የስልኩ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ፤ ቀጥሎ ሌላ። ብርሃኑ ሊጠፋ ደብዘዝ አለ።

«‹አይታወቅም› ብለሽ ጻፊው» አለች ምራቲቱ ለነርሷ።

እጇን ዘርግታ ከመስታወቱ ላይ እንባውን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ጣቷ ሲነካው ስልኩ መልሶ በራ፤ «እማ» ይላል። አልዘጋችውም።